የባሮሎው በሽተኛ

እናቴ ባለቤቴን «እርስዎ» ነበር የምትለው። ለማያውቅ ሰው ትልቅ አክብሮት ይመስላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አማች አንቱ ይባላል፤ ደንብ ነው» አለችኝ። ናዝሬት ያለውን የእህቴን ባል ግን ሽማግሌ በላከ ማግስት «አንተ ልጅ» ብላ ስትቀበለው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ደንቡ የሚሠራው ዳላስ ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ያሰበችልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ የጥርስ ሐኪም፣ ዘማሪ፣ ባለ መኪና። እኔ ደግሞ በዲቪ መጥቼ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ረዳት መካኒክ የነበረ ሰው እዚህ አግኝቼ አገባሁ። የሠርጋችንን ፎቶ ስንልክላት በስልክ የሰጠችው አስተያየት «ኮቱ ሰፍቷቸዋል» የሚል ብቻ ነበር።

ባለቤቴ እናቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። ያሳደገችው አክስቱ ደግ ነበረች፤ ግን የራሷ ልጆች ይበዙባት ስለነበር ለእሱ የሚተርፍ እቅፍ አልነበራትም። እናቴ ቪዛ ማግኘቷን ስንሰማ ከእኔ ይልቅ የፈነጠዘው እሱ ነው። ኤርፖርት አበባ ይዞ ሄደ። እሷ አበባውን ተቀብላ «ምነው፣ ለምን ተቸገሩ?» ስትለው፣ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ቤት ስንደርስ መኝታ ቤት ጠርቶኝ «አንተ እስክትለኝ ድረስ የማላደርገው ነገር የለም» አለኝ። የማላደርገው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ እሱም አያውቅም።

የምንኖረው ቪከሪ ሜዶ፣ ከየአገሩ የተሰደደ ሰው በታጨቀበት አፓርትመንት ነው። እኔ ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። እሱ በሰሜን ዳላስ በኩል በአንድ የጣሊያን ሬስቶራንት ባስቦይ ነበር፤ ሳህን ያነሳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ዳቦ ያመላልሳል። የተቀጠረበት ታሪክ ራሱ ጉድ ነው። ባለቤቱ፣ ሽማግሌ ጣሊያን፣ «ጣሊያንኛ ታውቃለህ?» ሲለው «አሳምሬ!» ብሎ ጋራዥ ውስጥ የተማረውን የመካኒክ ቃል ሁሉ ዘረገፈለት፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ። ሽማግሌው ሳቅ አፍኖት ወንበር ይዞ ተቀመጠ ይባላል። በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ከባስቦይነት ወደ ዌይተርነት ማለፍ ይፈልግ ነበር። የሽማግሌው ሕግ ግን አንድ ነው። የእሱን አገር ወይን ጠጅ የማያውቅ ሰው ሳህን ይዞ እንግዳ ፊት አይቀርብም። አገሩ ፒየሞንቴ ይባላል፤ ተራራ ሥር ያለ፣ ኮረብታው በወይን ተክል የተበጠረ፣ መኸር ሲደርስ ጉም የሚውጠው አገር። የወይኑ ፍሬ ነቢዮሎ ነው፤ ስሙ ጉም ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው ይላሉ። ከእሱ የሚወጣው ጠጅ ደግሞ ባሮሎ። ዓመታት በበርሜል ካልተኛ አይሸጥም። ሲያዩት ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲቀምሱት ግን ያልበሰለ ሙዝ እንደነከሱ ድድ ይይዛል። ይህን ሁሉ የማውቀው ባለቤቴ ሌሊትም ቀንም ስለሚለፈልፍ ነው።

ችግሩ እኛ ጴንጤ ነን። ያውም በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጠጣት ይቅርና የቢራ ስም የተጻፈበት ካኔቴራ መልበስ እንኳ ያስመክራል። ባለቤቴ ይህን ለሽማግሌው ቢነግረው፣ ሽማግሌው እጁን አወናጭፎ «የሚያውቅ ሰው መች ይውጣል? ቀምሶ ይተፋል!» አለው። ባለቤቴ ከሰማይ መና እንደወረደለት ሆኖ መጣ።

«ሶ፣ ካልዋጥኩት አልጠጣሁም ማለት ነው» አለኝ።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አልኩት። ግን ረዳሁት። ምን ላድርግ? ባሌ ነው።

ሽማግሌው ከእንግዳ የተረፈ ባሮሎ የወይራ ፍሬ በነበረበት ትንሽ ብልቃጥ እየሞላ ይሰጠው ጀመር። ምላስ የሚነቃው ጠዋት ነው ስላለው፣ እናቴ በሯን ዘግታ በምትጸልይበት ሰዓት ኩሽና ውስጥ ልምምድ ይዘናል። በሻይ ብርጭቆ ይቀዳል። ያዞረዋል። አፍንጫውን ይነክራል። ከዚያ ትኩስ አጥሚት እንደሚጠጣ ሰው አየር እየሳበ ያፏጫል፣ አፉ ውስጥ ያንገዋልለዋል፣ በነጭ የስታይሮፎም ኩባያ እንትፍ ይላል።

«ምን ይሸታል?» እላለሁ እኔ ፈታኟ።

«ጽጌረዳ።»

«ሌላስ?»

«ሬንጅ።»

መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ትልቅ ባሮሎ የሚታወቀው ጽጌረዳና ሬንጅ አንድ ላይ በመሽተቱ ነው። በሐምሌ ፀሐይ የቀለጠ የአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ሎት የሚሸተውን ነገር፣ ሰው ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ይጠጣዋል! ይህን ስለው ተቆጣ። «አንቺ አይገባሽም» አለኝ፤ «ይኼ ኮረብታና ያ ኮረብታ ጣዕሙ ይለያያል። የሽማግሌው አባት ቀምሶ ብቻ ከየትኛው መንደር አፈር እንደሆነ ይናገር ነበር። የአዳ ማኛ ጤፍና የሌላ አገር ጤፍ አንድ ነው? በይ ንገሪኝ!» አንድ እንዳልሆነ አመንኩ። ሬንጁን ግን አላመንኩም።

አንድ ቀን እናቴ ጸሎቷን ሳትጨርስ ውሃ ልትቀዳ ብቅ አለች። ባለቤቴ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስሙ ከአፉ እንዳይጠፋ «ነቢዮሎ… ነቢዮሎ…» እያለ ያልጎመጉማል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ነጩ ኩባያ ውስጥ ቀይ ነገር ተፋ። እናቴ ከበሩ ላይ አየችው። እኔ እሷን አየኋት። ውሃውን ሳትቀዳ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

አለቀልን አልኩ። ቁርስ ላይ ቀርባ ተቀመጠችና ባለቤቴን ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ ልጅ» አለችው፤ «ደረትህን ያምሃል እንዴ?»

የባለቤቴ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እኔ ደም መስሏት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በአገራችን ቀይ የሚተፋ ሰው ሳንባው ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ፊቱ ውርስ እንደደረሰው ሰው በርቶ ነበር።

«ትንሽ፣ እማዬ» አላት። ከዚያም ሳለ።

መኝታ ቤት ገብተን ጮህኩበት። ሰው ጤንነቱን ይዋሻል እንዴ? እሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አንተ አለችኝ እኮ» ይላል። «አንተ ልጅ አለችኝ። ሰምተሻል? እውነቱን ብነግራት አንደኛ ጠጪ እባላለሁ፣ ሁለተኛ እርስዎ እባላለሁ። ሁለተኛውን አልችለውም።» ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔ ባል ግን ብቅሉን ስለማይውጥ ሆዱ ያባውን እንዳባ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን እኔም ይቸግረኛል። እናቴ ኩሽናውን ወረሰች። ጠዋት ፌጦ፣ ቀን የጦስኝ ሻይ፣ ማታ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርቱን በማር አስዋጠችው፣ በወተት አፈላችለት፣ ደረቱን አሸችለት። ያልዋጠውን ነገር ሁሉ ዋጠ። ለቤተ ክርስቲያን እህቶችም በስልክ ነገረቻቸው፤ ደም እንደሚተፋ፣ ዓይኑን ጨፍኖም ነቢዩን እንደሚጣራ። የትኛውን ነቢይ ነው በሚለው ላይ በጸሎት ቡድኑ ውስጥ ሁለት ሐሳብ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ።

ሾርባ በሾርባ ሆንን። ከጋርላንድ፣ ከሳክሲ፣ ከአርሊንግተን ሰው ድስት ተሸክሞ ይመጣል። ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ የሆነች እህታችን ሙሉ ካርቶን ማስክ ይዛ መጣች።

«ኦኬ፣ እኔ አላስፈራራችሁም» አለች በራችን ላይ ማስኳን እያጠለቀች፤ «ማለቴ ቲቢ ነው አላልኩም። ግን ኤክስሬይ ማድረግ አለበት። እስከዚያ ብርጭቆው ለብቻ ይሁን።»

ባለቤቴ ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሶ ይተኛል። እናቴ ራስጌው ተቀምጣ ጸጉሩን ትዳብሳለች። በሳንባ በሽታ የሚወፍር ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሱሪው አልቆለፍ ሲለው «እብጠት ነው» ብላ እናቴ አለቀሰች። እኔ ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ የታጠበ ሳህን የለም፣ የቀረልኝ ወጥ የለም፤ ሁሉም ለበሽተኛው ነው። ቀንቼ ነበር፤ አልደብቅም። እናቴ እኔን በኩፍኝ ስተኛ እንኳ እንደዚያ አላባበለችኝም። ግን ደግሞ ጎኑ ተቀምጣ የልጅነቱን ታሪክ ስትጠይቀው፣ እሱም ለእኔ እንኳ ያልነገረኝን ሲነግራት፣ በሩ ጋ ቆሜ እሰማና እመለሳለሁ።

የወይኑ ፈተና የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ሬስቶራንቱ በሚዘጋበት ሰኞ ቀን ሽማግሌው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ፊቱ አስቀመጠ። ባለቤቴ አዞረው፣ አፍንጫውን ነከረ። ምንም የለም። ጽጌረዳው የለም፣ ሬንጁ የለም፣ ጉሙም የለም። እንደገና ነከረ። ስንት ሳምንት ሙሉ አካላቱ የተዘፈዘፈበት ነገር አፍንጫው ውስጥ ቤቱን ሠርቷል።

«ምን ይሸትሃል?» አለው ሽማግሌው።

መዋሸት ይችል ነበር፤ መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። ግን እንደነገረኝ፣ ቤት ውስጥ የሚዋሸው ስለበዛበት ሌላ ውሸት ለመሸከም አቅም አጣ።

«ነጭ ሽንኩርት» አለው።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ከእጁ ቀማውና ራሱ አሸተተ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለካ በእነሱ አገር ወይኑ ተለቅሞ ሲያበቃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው የበላው ትናንሽ ዓሣ በዘይት ላይ ቀስ ብሎ ይበስልና፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ድስት ከብቦ አትክልት እያጠቀሰ ይበላል፤ ባኛ ካውዳ ይሉታል። ሽማግሌው የእናቱ ቤት ትዝ አለው። «እዚህ አገር ስኖር» አለው፤ «በዚህ ብርጭቆ ውስጥ ያችን ድስት ያገኛት ሰው አንተ ብቻ ነህ!» አቅፎ ሳመው። ሲያቅፈው ሽታው ከወይኑ ሳይሆን ከባሌ አንገት እንደሚመጣ እንዴት እንዳላወቀ እግዚአብሔር ይወቅ። በዚያው ሳምንት ዌይተር ሆነ።

ልምምዱ ስላበቃ መትፋቱም አበቃ። እናቴ ኩባያው ነጭ ሆኖ መዋሉን ለእህቶች አበሰረች። ኤክስሬዩም ተነሳ፤ ሳንባው ንጹሕ ነው። ሌላ ሰው ከዚህ የሚረዳው አለመታመሙን ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ተፈወሰ አለች። እሑድ ምስክርነት እንዲሰጥ ስሙ ተጠራ።

እሑድ ጠዋት ከረባቱን ያስርና መልሶ ይፈታል። «ለእማዬ መዋሸት አንድ ነገር ነው» አለኝ፤ «በጌታ ስም ግን ማይክሮፎን ይዤ አልዋሽም።» ከረባቱን ተቀብዬ አሰርኩለት። እንደዚያ በማለቱ ወደድኩት፤ የሚመጣውንም ፈራሁ።

ወጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከነማስካቸው የመጡም ነበሩ።

«ወገኖቼ» አለ፤ «እኔ መጀመሪያውኑ አልታመምኩም። እማዬ ያዩት ቀይ ነገር ደም አይደለም። ወይን ነው።»

አማርኛ ባለውለታችን ነው፤ ወይን ማለት ፍሬውም ነው፣ መጠጡም ነው። እያንዳንዱ ሰው የፈለገውን ሰማ። ከፊት የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጠየቁ።

«ማለቴ፣ ወንድማችን… ወይን ስትል የትኛውን ወይን ነው?»

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት እናቴ ከመሀል ብድግ አለች።

«ፍሬውን ነዋ!» አለች፤ «የትኛው ሊሆን ኖሯል? ልጣጩ አይስማማውም፣ ይተፋዋል። እኔ ነኝ ባረጀ ዓይኔ ደም ያስመሰልኩት። ይቅር በሉኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አንዱ ሃሌሉያ ሲል ሁሉም ተቀበለ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ላልታመመ ሰው እንደዚያ የተዘመረ የለም። ባለቤቴ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ሁሉ በሾርባው ፈንታ ልጣጩ ስስ የሆነ፣ ዘር የሌለው ወይን በፌስታል ያመጣልን ጀመር።

ስንመለስ በሴንትራል መንገድ ላይ ነን። እሱ ይነዳል፣ እናቴ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ።

«ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ አላረጀም» አለች እናቴ።

ባለቤቴ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ።

«የወይን ጠጅ ሽታ የማላውቅ መሰለህ? የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ደም ተፋ ብለሽ አገር ምድሩን የጠራሽው ለምንድነው?» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ስንት ድስት አጥቤያለሁ!

«ምን ልበል? ይጠጣል ልበል? ይጠጣል ብልማ የሚመጣው ኮሚቴ ነበር። ለሰካራም ሾርባ የሚያመጣ ማን አለ?»

አባቴ ጠጪ ነበር። በቤታችን ይህ አይነሳም፤ እኔም እዚህ ድረስ ያላነሳሁት ለዚያ ነው።

«አባቷ አልጋ ላይ ሲማቅቅ» አለች ወደ እሱ ዞራ፤ «ደጄን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። በእጁ ያመጣው ነው አሉ። እኔም ብሆን እርስዎ እያልኩ በሩቁ አስታመምኩት። በአንተ ግን ይኼ አይደገምም ብያለሁ።»

እናቴ አባቴን እርስዎ ትለው እንደነበር ትዝ አለኝ። ሕፃን ሆኜ አክብሮት ነበር የመሰለኝ። ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማልቀስ ጀመርኩ።

«እማዬ» አላት ባለቤቴ ቀስ ብሎ፤ «እኔ ግን እውነቴን ነው፣ አልጠጣም። ለሥራ ነው። እቀምሰዋለሁ እንጂ አልውጠውም፣ እተፋዋለሁ።»

እናቴ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው።

«እሱም ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም ነበር የሚል። አይዞህ አንተ ልጅ። ትተወዋለህ።»

ላስረዳት ጎንበስ አልኩ። ሽማግሌው ጣሊያን ዘንድ ወስደን ሲተፋ እናሳያት፣ ያልቃል ነገሩ። ባለቤቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ጤነኛ ሰው ሆኖ ሩቅ ከመቀመጥ ሰካራም ልጅ መሆንን መረጠ።

«እሺ እማዬ» አላት፤ «እተወዋለሁ።»

ያልጀመረውን ነገር ተወላት። እናቴ አገሯ ገባች። ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ባሮሎ ሲቀዳ ኖረ፤ ትልቅ ባርኔጣ ላጠለቁ፣ በረዶ ጨምርበት ለሚሉት የቴክሳስ ሰዎች ስለ ጉሙና ስለ ኮረብታው ሲያስረዳ፣ እየቀመሰ ሲተፋ። እሑድ እሑድ በስልክ ካርድ ስንደውል እናቴ እኔን ቶሎ ጨርሳ «እሱን ስጪኝ» ትላለች። «ዛሬስ?» ትለዋለች። «ዛሬም አልጠጣሁም፣ እማዬ።» «ጎበዝ! አንተ እኮ ብርቱ ነህ» ትለዋለች። አንድም ቀን አልዋሻትም። ጎረቤቶቿ እንደነገሩን፣ ዳላስ ላይ ያለውን ልጇን ከመጠጥ እንዴት እንዳወጣችው እየተናገረች የስንቱን ሰካራም ቤት አንኳኩታለች፤ ሾርባ ይዛ።

ስታርፍ ልቅሶ የተቀመጥነው እዚሁ ነው። ወንበሩ ተነስቶ ቤታችን በሰው ሞላ። እኔን ያጽናኑኛል፤ ከእኔ ይልቅ አምርሮ የሚያለቅሰው ግን እሱ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ትከሻውን ይዘው «በርታ፣ ወንድማችን» ቢሉት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ከእንግዲህ» አለ፤ «ጠጣህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ማን አለ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ተነስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።